ጅማ ላይ ስለ ሳይክል ጋላቢው ባሶንስ

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወሊሶንና ወልቂጤን አልፈን ወደ ግቤ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ሹራባችንን አስወለቀን። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንያያዘው ደግሞ እኔ ከመስኮቱ አልነቀል አልኩ። ሐምሌ ነው፤ ፈረንሳይ ውስጥ ቱር ደ ፍራንስ እየተካሄደ ነው። የሳይክል ውድድር የሚወድ ሰው በዚህ ወር ጥምዝምዝ ዳገት ካየ፣ እዚህ ጋ ማን ያመልጣል፣ ማን ይንጠባጠባል እያለ ማሰቡ አይቀርም።

የሄድኩት ለቤተሰብ ጉዳይ ነበር። ጉዳዩ ቶሎ አለቀ። በማግስቱ ጠዋት በባጃጅ ጅሬን ወጥቼ የዳግማዊ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ጎበኘሁ። ከእንጨቱ ሰገነት ላይ የሚታየው አረንጓዴ አገር ብቻውን የመንገዱን ድካም ያስረሳል። ስመለስ ግን የጅማ ዝናብ ያዘኝ። ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ወርጄ ፊት ለፊቴ ያገኘሁት ቤት ውስጥ ዘው አልኩ። ሳይክል ቤት ነበር። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ቆመ አልቆመ ግድ አልሰጠኝም።

ባለቤቱ አርባውን ያለፈ ሰው ነው። አንድ ወጣት ልጅ ጎማ እየነፋ ያግዘዋል። ጥግ ላይ ደግሞ በርጩማ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ቡና ይጠጣሉ፤ ሁለቱም «ጋሼ» ነው የሚሏቸው። ግድግዳው ላይ የቢንያም ግርማይ ፎቶ በአረንጓዴ ማሊያ ተለጥፏል። ኤርትራዊው ቢንያም በ2024 ቱር ላይ ሦስት ቀን አሸንፎ፣ ብዙ ነጥብ ለሰበሰበ የሚሰጠውን ያንን ማሊያ ወሰደ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው።) ፎቶውን አይቼ «የሳይክል ሰዎች ናችሁ ማለት ነው» አልኩ። በቃ፣ ጨዋታው ተጀመረ።

ባለቤቱ ስለ ላንስ አርምስትሮንግ ሲያወራ እጁ ላይ የነበረውን የሳይክል ካቴና መሬት አስቀመጠ። «እናቴ ካንሰር ሲይዛት አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ የነገርኳት የእሱን ታሪክ ነው» አለኝ። በ1996 ካንሰር ሰውነቱን ወሮት ነበር፤ ዳነ። ከ1999 እስከ 2005 ድረስ ቱርን ሰባት ጊዜ በተከታታይ አሸንፎ የመሪውን ቢጫ ማሊያ ለበሰ። እናትየው ይህን እየሰሙ «ታዲያ እኔስ?» ይሉ ነበር። በ2012 ሰባቱም ድሎች ተሰረዙ። በ2013 መጀመሪያ አርምስትሮንግ ራሱ ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ አበረታች መድኃኒት እንደወሰደ አመነ። ያኔ እናትየው አርፈዋል።

«ካንሰሩ እኮ እውነት ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ። ግን እኔ ለእናቴ የነገርኳት ስለ ቢጫው ማሊያ ነው።»

መልስ አልነበረኝም። ስለ ዶፒንግ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሣው የተቀማው ሁለተኛ፣ የተታለለው ስፖንሰር፣ የተሰረዘው ውጤት ነው። ያንን ድል ለታመመ ሰው ተስፋ አድርጎ ያካፈለውን ደጋፊ ግን ማንም አይቆጥረውም።

ጋሼ ሌላ ሰው ነበራቸው፤ ጣሊያናዊው ማርኮ ፓንታኒ። ግልገል ግቤ አንድ ግድብ ሲሠራ ከጣሊያኖች ጋር ሠርተዋል፤ ሳይክል ማየት ያስተማሯቸውም እነሱ ናቸው። ፓንታኒ በ1998 የጣሊያኑን ትልቅ ውድድር ጂሮንም ቱርንም አሸነፈ። በ1999 ጂሮውን እየመራ፣ ሊጠናቀቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በደም ምርመራ ተባረረ። የቀይ የደም ሕዋሱ መጠን 52 ከመቶ ሆኖ ተገኘ፤ የተፈቀደው ጣሪያ 50 ነበር። ቀይ ሕዋስ ኦክስጅን ይሸከማል። ኢፒኦ የሚባለው መድኃኒት ደግሞ ያንን ሕዋስ ያበዛል፤ ደሙ ይወፍራል፣ እግር ቶሎ አይዝልም። ፓንታኒ ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አልሆነም። የካቲት 2004 ሪሚኒ ውስጥ ሆቴል ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። «ካምፑ ውስጥ ትልልቅ ሰዎች ሲያለቅሱ አየሁ» አሉ ጋሼ። «ሁሉም ይወስድ ነበር ልጄ። እሱን ብቻ ለምን?»

ባለቤቱ ቱግ አለ። «ታዲያ የእኔውንስ ለምን አይምሩትም?»

እዚህ ላይ ብዙ ተከራከርን። ደጋፊ ሁሉንም እኩል አይቀጣም። ፈረንሳዊው ሪሻር ቪራንክ ፌስቲና የሚባለው ቡድን መድኃኒት ሲጠቀም በተጋለጠበት የ1998ቱ ቅሌት ውስጥ ነበረበት። ለረጅም ጊዜ ከካደ በኋላ በ2000 ፍርድ ቤት ውስጥ አመነ። ቅጣቱን ጨርሶ ሲመለስ ግን መንገድ ዳር ያለው ሕዝብ በጭብጨባ ተቀበለው። አርምስትሮንግን እንዲህ የተቀበለው የለም። እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ መድኃኒቱ አይደለም። እውነቱን የተናገሩ ሰዎችን አሳድዷል። ያጋለጡትን ሰዎች ስም አጥፍቷል፤ አንድን የእንግሊዝ ጋዜጣ ከስሶ ካሳ ተቀብሏል። ደጋፊ መድኃኒት የወሰደውን ይቅር ይላል፤ ሌላውን ሰው የረገጠውን ይቅር ማለት ግን ይከብደዋል። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ባለቤቱ ዝም አለ።

ልጁ እስከዚያ ድረስ አልተናገረም። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ራሱም ይወዳደራል። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆኖ ቱር ላይ ሲሰለፍ ሕፃን ነበር። ጋሼ ወደ ቢንያም ፎቶ እያዩ «አላህ ይጠብቀው፤ እኔ ግን ከእንግዲህ ለማንም አላለቅስም» ሲሉ ልጁ ብድግ አለ። «እሱ ምን አደረገ ጋሼ? ምን አደረገ?»

ልክ ነው። ናይሮቢ የተወለደው ክሪስ ፍሩም በ2015 እየጋለበ ሳለ አንድ ተመልካች ዶፒንግ ብሎ እየጮኸ ሽንት እንደደፋበት ተናግሯል። በ2018 ደግሞ ሳልቡታሞል በሚባል የአስም መድኃኒት የተነሣበት ጉዳይ ተዘግቶ ነፃ ከተባለ በኋላ እንኳ ሕዝቡ ጮኾበታል። ተመልካች የመጠርጠር መብት አለው፤ ብዙ ተዋሽቷል። ማስረጃ በሌለበት በሰው ላይ መጮህ ግን ሌላው በልቶ የሄደውን ዕዳ ከማያውቀው ሰው መጠየቅ ነው።

ያኔ ስለ ክሪስቶፍ ባሶንስ ጠየቅኋቸው። ሦስቱም ሰምተውት አያውቁም። የአርምስትሮንግን፣ የፓንታኒን፣ የቪራንክን ዝርዝር አንድ በአንድ የሚያውቁ ሰዎች ይህን ስም አያውቁም። ይህ በጣም ያናደደኝ ነገር ነው፤ እነሱን ግን አይደለም የምወቅሰው። ባሶንስ የፌስቲና ቡድን ውስጥ ነበር። ቅሌቱ ሲወጣ የገዛ ጓደኞቹ እሱ መድኃኒቱን እንደማይወስድ ለመርማሪዎች ተናገሩ። በ1999 ቱር ላይ እየተወዳደረ ጋዜጣ ላይ ይጽፍ ነበር፤ ፍጥነቱ እንደሚያጠራጥረው ጻፈ። ተወዳዳሪዎቹ አኮረፉት። አርምስትሮንግ ውድድር መሃል ተጠግቶ ወደ ቤትህ ሂድ አለው። ብዙም ሳይቆይ በጭንቀት ውድድሩን ጥሎ ወጣ። መንገድ ዳር ያለው ሕዝብ ለባለ ቢጫው ማጨብጨቡን ቀጠለ።

«ስንተኛ ነበር?» አለ ልጁ።

«አልጨረሰም።»

«የእነዚያ ሰባት ዓመታት ድል ለማን ተሰጠ?»

«ለማንም። ባዶ ነው።»

«ታዲያ የ1999ኙን ለእሱ አይሰጡትም?»

ጋሼ ሳቁ፤ ያልጨረሰ ሰው እንዴት ያሸንፋል አሉ። ባለቤቱ ግን አልሳቀም። ስሙ እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀኝ። ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን ፈለገ፤ ለልጁ አሳየው፤ ከዚያ ለጋሼ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ጠጋ አድርገው አዩና «ቢናገርስ፣ ማን ይሰማው ነበር?» አሉ። ልጁ «እኔ» አላቸው። ክርክሩ እንደገና ተጀመረ።