ምን በድሎሽ ነው አንድ ዓይን ያደረግሽው?

አባዬ ታክሲውን አቁሞ የሚገባው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ግድም ነው። እኔም በዚያ ሰዓት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ታብሌቴን ዘርግቼ እሥላለሁ። ባለፈው ኖቬምበር አንድ ሌሊት ጃኬቱን ሳያወልቅ ከጀርባዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ «ልጄ፣ ይሄ ልጅ ምን በድሎሽ ነው አንድ ዓይን ያደረግሽው?» አለኝ።

የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። አኒሜሽን እማራለሁ፤ ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቴ ነው። የመመረቂያ ፊልሜ ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው። ሲሰሙት አጭር ነው። ግን በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ቋሚ ምስል፣ ያልፋል፤ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ብናቆየው እንኳ በሰከንድ 12፣ በጠቅላላው 1,800 ሥዕል ይፈልጋል። ሐሳቡ ሳይጠራ እጅ ከጀመረ ወራት ይባክናሉ።

ታሪኩ ቀላል ነው። አሜሪካ የገባ ልጅ አዲስ አበባ ላለች እናቱ በቪዲዮ ይደውላል። «ደህና ነኝ፣ ሥራውም ጥሩ ነው፣ ቤቱም ሰፊ ነው» ይላታል። አንዱም እውነት አይደለም።

መልኩን ከቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ወሰድኩ፤ ወፍራም ጥቁር መስመር፣ ቀይና ቢጫ፣ ትልልቅ ዓይኖች። በዚህ አሣሣል ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ነው፣ ሁለቱም ዓይናቸው ይታያል። ይሁዳና አጋንንት ግን በጎን ይሣላሉ፣ በአንድ ዓይን። እኔም ፊልሙን የሠራሁት በዚህ ላይ ነበር፤ ልጁ በዋሸ ቁጥር ፊቱ ቀስ እያለ ይዞርና አንዱ ዓይኑ ይጠፋል። በጣም ወድጄው ነበር። መምህሬም ወደደው። ስቶሪቦርዱን፣ ታሪኩን በተርታ የሚያሳዩትን ረቂቅ ሥዕሎች፣ ጨርሼ አኒማቲኩን፣ እነዚያኑ ሥዕሎች በፊልሙ ሰዓት ልክ የሚያስኬደውን ረቂቅ ቪዲዮ፣ ከድምፅ ጋር አገጣጥሜያለሁ።

አባዬ ልጅ ሆኖ ጎጃም ቄስ ትምህርት ቤት ተምሯል፤ የሥዕሉን ሕግ ከእኔ በላይ ያውቃል። «እናቱን እንዳይከፋት ብሎ የዋሸ ልጅ ከይሁዳ ጋር አይሣልም» አለኝ። ውሸት ውሸት ነው ብዬ ተከራከርኩት። «ነው» አለ፣ «ግን ፊቱን አላዞረባትም።» እራቱን በልቶ ተኛ።

ሁለት ሳምንት አንድም መስመር አልሠራሁም። የተናደድኩት ልክ መሆኑ ስለገባኝ ነበር።

በመጨረሻ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የሚነገረንን አደረግኩ። ስልኬን መደርደሪያ ላይ አቁሜ ልጁን ሆኜ ተቀረጽኩ። ከዚያ ፍሬም በፍሬም እያቆምኩ አየሁት። «ደህና ነኝ» ስል ጭንቅላቴ ንቅንቅ አይልም። ዓይኔ ብቻ ለአፍታ ወደ ጎን ሸሸት ብሎ፣ ተርገብግቦ ይመለሳል። ዓይን ከጭንቅላት ቀድሞ እንደሚሄድ መጀመሪያ ዓመት ተምሬ ጽፌዋለሁ፤ የገባኝ ግን የራሴን ፊት ሳየው ነው። ቀና ስል ደግሞ ሳሎን የተሰቀለው ቅዱስ ሚካኤል። ፊቱ ሙሉ፣ ሁለቱም ዓይኖቹ የሚታዩ፣ ብሌኖቹ ግን ወደ ጥግ የተገፉ። ስንት ዓመት ሥሩ ቡና ጠጥተናል።

የጎን ፊቱን በሙሉ ጣልኩት። ያ ሁሉ መዞር ወደ ስድስት ሥዕል ወረደ፤ ግማሽ ሰከንድ። ስድስቱ ግን አራት ሌሊት ፈጁ። ብሌኑ በእኩል እርምጃ ከሄደ እንደ ማሽን ይሆናል፤ መጀመሪያ ፈጠን ብሎ፣ መድረሻው ላይ መዘግየት አለበት። በፀጉር ስፋት ካለፈ ልጁ ሌባ ይመስላል፣ ካነሰ ማንም አያየውም። አጥፍቼ ሣልኩ፣ ሥዬ አጠፋሁ። አምስተኛው ሥዕል ላይ የላይኛውን ሽፋሽፍት በጥቂቱ ዝቅ ሳደርገው ልጁ አፈረ። እኔም እጄን ከታብሌቱ አነሳሁ።

ማርች ላይ ለአባዬ አሳየሁት። ልጁ «ቤቱም ሰፊ ነው» ይላል፣ ዓይኑ ይሸሻል፣ እናትየው «እስቲ ወደዚህ እየኝ» ትለዋለች። አባዬ ድገሚው አለኝ። ደገምኩለት። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

እኛ ከመምጣታችን በፊት ስድስት ዓመት ብቻውን እዚህ ኖሯል። «ያኔ በካርድ ነበር የምደውለው» አለ። «ድምፅ ብቻ ነው። መልክ ቢታይ ኖሮ እናትሽ በመጀመሪያው ቀን ታውቅብኝ ነበር።»

ከየት ሆኖ ይደውል እንደነበር ጠየቅሁት።

«ከፓርኪንጉ። የምተኛውም እዚያው ነበር፣ ገንዘብ የምቀበልባት ክፍል ውስጥ።»

ይህን ሰምቼ አላውቅም ነበር። እማዬም የምታውቅ አይመስለኝም፤ አልጠየቅኳትም። በፊልሙ ልጁ የሚደውለው ከቤዝመንት ነበር፤ አባዬን ክፍሏን ሣልልኝ አልኩት። ከኪሱ የቤንዚን ደረሰኝ አውጥቶ ጀርባው ላይ በእስክርቢቶ ሣላት፤ ተንሸራታች መስኮት፣ አንድ በርጩማ፣ ግድግዳው ላይ የቁልፍ መስቀያ። ሰጥቶኝ ሊነሳ ሲል መልሶ ወሰደውና ከበርጩማው ሥር አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጨመረበት።