ደርባን ላይ የዘነበው ዝናብ

ጆሃንስበርግ መሀል ጄፒ የሚባል መንገድ አለ። ስሙ ተቀይሮ ራሂማ ሙሳ ከሆነ ቆይቷል። የኛ ሰው ግን ዛሬም ጄፒ ነው የሚለው። ፎቆቹ ከምድር እስከ ላይ ሱቅ ናቸው። መጋረጃ፣ ብርድ ልብስ፣ ጫማ፣ ቦርሳ። ደረጃውን ስወጣ የቡና ሽታ ተቀበለኝ። አንዱ በሀዲይኛ ይጣራል፣ ሌላው በአማርኛ ዋጋ ይከራከራል። ሆሳዕና ገበያ የወጣሁ ነው የመሰለኝ።

ያጎቴ ልጅ እዚህ ከገባ 14 ዓመቱ ነው። ብርድ ልብስ ያከፋፍላል። ከአዲስ አበባ የሄድኩት እሱን ልጠይቅ ነው። ግን የቆየ ጉጉትም ነበረብኝ። ኤሊስ ፓርክን ማየት እፈልጋለሁ።

"ኤሊስ ፓርክ? ስታዲየሙን ነው? በየቀኑ በጎኑ አልፋለሁ እኮ። ምን አለው?" አለኝ።

ምን የለው! ልጅ ሆኜ ጋዜጣ ላይ ያየሁት ፎቶ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ማንዴላ አረንጓዴ ማሊያ ለብሷል፣ አረንጓዴ ኮፍያ አድርጓል። አንድ ግዙፍ ነጭ ተጫዋች ፊቱ ቆሟል። ማንዴላ ወርቃማ ዋንጫ እየሰጠው ነው። ሁለቱም ይስቃሉ። ራግቢ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ያንን ሳቅ ግን ወደድኩት።

ስታዲየሙ ከጄፒ ሩቅ አይደለም። በማግስቱ ጠዋት ሄድን። የሰኔ ብርድ ነው፤ እዚያ ሰኔ ክረምት ነው። ከውጭ ሲያዩት ተራ የኮንክሪት ስታዲየም ነው። አጥሩ ስር ቆሜ ለዘመዴ የማውቀውን አወራሁለት።

ሰኔ 17 ቀን 1987 ዓ.ም. የዓለም የራግቢ ዋንጫ ፍጻሜ እዚህ ተደረገ። ደቡብ አፍሪካ ከኒውዚላንድ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት የዓለም ዋንጫዎች ደቡብ አፍሪካ አልነበረችም፣ በአፓርታይድ ምክንያት ታግዳለች። ለጥቁሩ ሕዝብ ደግሞ የቡድኑ ስም ራሱ ያማል። ስፕሪንግቦክ ማለት የነጮቹ ኩራት፣ የአፓርታይድ ማሊያ ማለት ነው። ጥቁሮች ስታዲየም ከገቡ የሚደግፉት ተጋጣሚውን ነበር። ማንዴላም ሮበን ደሴት ታስሮ ሳለ እንደዚያው ያደርግ ነበር።

ያ ሰው ነው እንግዲህ የአምበሉን የፍራንሷ ፒናርን 6 ቁጥር ለብሶ ሜዳ የወጣው። ተመልካቹ ከ60 ሺህ በላይ ነው፤ አብዛኛው ነጭ። "ኔልሰን! ኔልሰን!" ብሎ ጮኸ። ይህንን ስናገር ድምፄ ተቀየረ መሰለኝ ዘመዴ ዞሮ አየኝ።

ጨዋታው ራሱ ጭንቅ ነበር። ኒውዚላንዶች ዮናህ ሎሙ የሚባል የ20 ዓመት ልጅ ነበራቸው። ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ እንደ አጭር ርቀት ሯጭ ይሮጣል። በግማሽ ፍጻሜው እንግሊዝ ላይ ብቻውን አራት ትራይ አግብቷል። ትራይ ማለት ኳሷን ይዞ ከመስመሩ አልፎ መሬት ማስነካት ነው፣ 5 ነጥብ ያስገኛል። በፍጻሜው ግን አንድም አላስገቡትም። ጄምስ ስሞል፣ ዮስት ፋን ደር ቬስትሃይዘን፣ ማን ያልጣለው አለ! መደበኛው ሰዓት 9 ለ9 አለቀ። በጭማሪው 12 ለ12 ከሆኑ በኋላ የደቡብ አፍሪካው ጆኤል ስትራንስኪ ኳሷን መሬት አንጥሮ መታት፣ በቋሚዎቹ መሀል አለፈች። 15 ለ12። አስራ አምስቱንም ነጥብ ያስቆጠረው እሱ ነው።

ዛሬ ሎሙ የለም። ዮስትም፣ ስሞልም፣ በዚያ ቡድን ውስጥ ብቸኛው ነጭ ያልነበረው ቼስተር ዊሊያምስም የሉም። ሁሉም ሳያረጁ ነው ያለፉት። አጥሩን ይዤ ትንሽ ዝም አልኩ።

"ነገ ደርባን ጭነት አለኝ፣ አብረን እንሂድ" አለ ዘመዴ። ደርባን ሲል ልቤ ዘለለ። የደቡብ አፍሪካ ግማሽ ፍጻሜ እዚያ ነበራ!

ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ በፒካፑ ወጣን። ኋላ ብርድ ልብስ ተቆልሏል። መንገዱ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሃሪስሚዝ ስንደርስ ነጋ፤ ሣሩ ሁሉ ደርቆ ቢጫ ሆኗል። ከዚያ ቫን ሪነን የሚባለውን ቁልቁለት ወረድን። ከባድ መኪኖች ፍሬናቸውን ይዘው ያዘግማሉ። ጣርማ በርን አስታወሰኝ።

ሆዊክ አጠገብ ከዋናው መንገድ ወጣ አልን። ማንዴላ የተያዘበት ቦታ ነው። ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ሹፌር መስሎ ከደርባን ሲመለስ ፖሊስ እዚህ አስቆመው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የት ነበር? አዲስ አበባ፣ ኮልፌ። የኛ ወታደሮች ተኩስና ረጅም ጉዞ እያሠለጠኑት ነበር። ጠርተውት ወደ አገሩ እንደተመለሰ ብዙም ሳይቆይ ነው የተያዘው። አሁን በቦታው 50 የብረት ምሰሶዎች ቆመዋል። ተጠግተህ ስታያቸው ብረት ብቻ ናቸው። ትክክለኛው ቦታ ላይ ርቀህ ስትቆም ግን ፊቱ ይመጣል። ዘመዴ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ እየሄደ አየው። "ኮልፌ ነው ያልከኝ?" አለ ደግሞ መኪና ውስጥ ገብተን።

ደርባን ሞቃት ነው፤ ጃኬታችንን አወለቅን። ኪንግስ ፓርክ ስታዲየም ከባሕሩ ብዙ አይርቅም። በሩ ላይ አንድ ዘበኛ ተቀምጧል፣ አርባዎቹን ያጋመሰ ሰው። ዘመዴ በዙሉኛ ሰላም አለው። ገበያው አስተምሮት ዙሉኛውን እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው። ለምን እንደመጣን ሲነግረው ሰውየው ፊቱ በራ።

ሰኔ 10 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ ደቡብ አፍሪካ ከፈረንሳይ። ያን ቀን ደርባን ላይ የሰማይ በር ተከፈተ። ሜዳው ሐይቅ ሆነ። ጨዋታው ዘገየ፣ አሁንም ዘገየ። ደግሞ አንድ ክፉ ነገር ነበር። ጨዋታው ከተሰረዘ የምታልፈው ፈረንሳይ ናት። ደቡብ አፍሪካ ከካናዳ ስትጫወት ተጫዋች በቀይ ተባሮባት ነበርና። ያ ሁሉ ሕልም በዝናብ ሊያልቅ ነው።

ያኔ መጥረጊያ የያዙ ጥቁር ሴቶች ወደ ሜዳው ገቡ። ውሃውን እየገፉ ማውጣት ጀመሩ። ስለዚያ ዋንጫ ሲወራ ሁሉም ማንዴላንና ፒናርን ያነሳል፤ ይገባቸዋልም። ለእኔ ግን እነዚያ ሴቶች እኩል ናቸው። ትናንት ወደዚያ ስታዲየም እንደልባቸው መግባት የማይችሉ እናቶች ናቸው የነጮቹን ጨዋታ ከዝናብ ያወጡት። እነሱ ባይጠርጉ ኤሊስ ፓርክ ላይ የተነሳው ያ ፎቶ ከየት ይመጣ ነበር?

ዘበኛው ያኔ የ12 ዓመት ልጅ ነበር፣ ክዋማሹ በሚባል የደርባን የጥቁሮች ሰፈር። ቴሌቪዥኑ የጎረቤት ነው። አባቱ "የነሱ ጨዋታ ነው" ብሎ አላይም አለ። ልጆቹ ግን አዩ። "መጀመሪያ ያየሁት ተጫዋቾቹን አይደለም፣ እናቶቻችንን ነው" አለን። ተነስቶ ጎንበስ አለ። በሁለት እጁ መጥረጊያ እንደያዘ ሆኖ ገፋ፣ ገፋ። "እንዲህ፣ ከዚያኛው ጫፍ እስከዚህ።"

ከዚያ ስለመጨረሻዋ ደቂቃ አወራ። ፈረንሳይ ውስጥ አብደላጢፍ ቤናዚ የሚባል ተጫዋች ነበር፣ ሞሮኮ ኡጅዳ የተወለደ። ኳሷን አቅፎ ጭቃው ላይ ተወረወረ። ከመስመሩ ስንዝር ሲቀረው ያዙት። አንዲት ስንዝር! ዘበኛው ጣቱን ዘርግቶ አሳየን። ያጎቴ ልጅ ማስተርጎሙን ትቶ አፉን ከፍቶ ይሰማዋል። በየቀኑ በኤሊስ ፓርክ ጎን የሚያልፈው ሰውዬ።

ስልኩ ጮኸ። ብርድ ልብሱን የሚረከቡት ሰዎች ናቸው። አላነሳውም።

"ቆይ፣ ስንት ለስንት አለቀ?" አለው ዘበኛውን።

"19 ለ15!"