ሴይቼንቶዬን ሳድስ የጠፉት ሦስት ቁጥሮች

አሮጌ ፊያት አድሳችሁ ልትሸጡ ካሰባችሁ፣ ባትላሜራ ቤት ከመግባታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ለእኔ ማንም አልነገረኝም።

መኪናዬ «ሴይቼንቶ» የምንላት ፊያት 600 ዲ ናት፣ እ.ኤ.አ. የ1962 ሥሪት። በሮቿ ወደ ኋላ የሚከፈቱ ናቸው፤ ፊያት ይህን በር የቀየረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። አባቴ ገዛት፣ ከእሱ በኋላ እኔ 31 ዓመት ነዳኋት። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ያለው ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ግቢያችን አብሮ ሄደ። አሁን የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ለእሷ የሚሆን ጥላ የለውም። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድባት ከማይ ልሽጣት አልኩ።

የሞተሩ ሥራ ቀላል ነበር። 767 ሲሲው ሞተር ከኋላ ነው፤ ራዲያተሩም እዚያው ጎኑ ስለተቀመጠ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ስትወጣ ትሞቃለች። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ወርዶ ቶርኖ ቤት ተላገ፣ ጓርኒሲዮንና ፋሻ ሶማሌ ተራ ተገኘ፣ ካንዴላ ተቀየረ። ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ አለቀ።

ጉዱ የመጣው ከቦዲው ነው። አንዱን ላሜራ ዝገት በልቶት ነበር። ባትላሜራውን «ጠራርገህ አውጣልኝ» አልኩት፤ ያልኩት እኔው ነኝ። በግራይንደር ሞረደው፣ ስቱኮ ለበጠው፣ ቀለም ተረጨ። የሻንሲ ቁጥሩ፣ ማለትም የመኪናዋ መለያ ቁጥር፣ የተመታው እዚያ ላይ ነው። ኮፈን በከፈትኩ ቁጥር ሳየው የኖርኩት ቁጥር ያን ቀን ትዝ አላለኝም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ገዢ ቶሎ ተገኘ። ካዛንቺስ ያደገ፣ ልጅ ሆኖ በሰማያዊና ነጩ ሴይቼንቶ ታክሲ ትምህርት ቤት የተመላለሰ ሰው ነው። ቀብድ ከፈለ። ስም ለማዛወር ፋይሏ ያለበት መሥሪያ ቤት ወሰድናት። መርማሪው የሻንሲ ቁጥሩን ቅርጽ ለማንሳት ላሜራው ላይ ወረቀት ለጥፎ በእርሳስ ፈተገ። መጀመሪያው መጣ፣ መጨረሻው መጣ፤ መሀል ላይ የሦስት ቁጥር ቦታ ጥቁር ብቻ ሆነ። ደግሞ ፈተገ። ከዚያ ቀና ሳይል «ጋሼ፣ ይሄ የተነካካ ሻንሲ ነው» አለኝ። ገዢው ዘወር ብሎ አየኝ። በዚያ ግቢ «የተነካካ» ማለት የተሰረቀ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

አራት ወር ተመላለስኩ። ወደ ፖሊስ ምርመራ የሚጽፉልኝ ደብዳቤ የታርጋ ቁጥሩ ተሳስቶ ወጣ። ሊታረም ስመለስ ፈራሚው ስብሰባ ገብቷል፣ በሳምንቱ ሥልጠና ሄዷል፣ በሌላው ሳምንት ተዛውሯል። ፋይሌን አውጥታችሁ እዩልኝ ብዬ ለመንኩ፤ «ፋይሉ አያስፈልግም፣ መኪናዋ ናት የምትታየው» ተባልኩ። በሦስተኛው ወር ገዢው ቀብዱን ወሰደ። አልፈርድበትም።

በመጨረሻ መዝገብ ቤት ያለች አንዲት ልጅ «አባቴ፣ ይቀመጡ» ብላ ፋይሉን ፈልጋ አመጣችው። በሲባጎ የታሰረ፣ ጠርዙ የተበላ አቃፊ ነው። ከአባቴ የእጅ ጽሑፍ ማመልከቻ ጀርባ፣ በዛገ ስፒል ተይዞ፣ የድሮ መርማሪ በእርሳስ ፈትጎ ያነሳው የሻንሲ ቁጥር አለ፤ አንድም ያልጠፋ። አራት ወር ሙሉ እነሱው መደርደሪያ ላይ ነበር! ፖሊስም ላሜራውን መርምሮ ከዚያው ጋር አመሳከረው።

ስለዚህ «ሥራውን ጨርሰህ አምጣት» ቢሏችሁ አትስሙ። በዝገቷ ወደ መሥሪያ ቤቱ ውሰዷት፤ ቁጥሩን አስነሱ፣ ማኅተም ያረፈበት ኮፒ ያዙ፣ ራሳችሁም ፎቶ አንሱ። ከዚያ በኋላ ነው ግራይንደር የሚነካት። ደላላ «ቀለም ቅባትና ዋጋዋ ይጨምራል» ይላል፤ እኔ አልስማማም። አሮጌ መኪና የሚወድ ሰው የድሮ ቀለሟን ይመርጣል፤ ሁለተኛው ገዢ ራሱ መጀመሪያ የጠየቀኝ ከአዲሱ ቀለም በታች ምን እንዳለ ነው።

እሱ የከፈለኝ ከመጀመሪያው ባነሰ ዋጋ ነው። ውልና ማስረጃ ተፈራረምን፣ ሊብሬውን ሰጠሁት። የሾፌሩን በር ሲዘጋው አልገጥም አለው። «ትንሽ ወደ ላይ አንሳና ግፋው» አልኩት። አነሳው፤ ተዘጋ።