ባትሪ ለሌለው መሣሪያ የጻፍኩትን ኮድ እንዴት እንደፈተሽኩት

የሠራሁት መሣሪያ ሙቀት ይለካል። ባትሪ የለውም፤ ኃይል የሚያገኘው ከአንዲት ትንሽ ሶላር ፓነል ነው። ቺፑ ኤምኤስፒ430ኤፍአር5969 ሲሆን፣ ኃይል ቢቋረጥም የያዘውን የማይረሳ 64 ኪሎባይት ኤፍራም የተባለ ማህደረ ትውስታ አለው። ፓነሉ ባለ 47 ማይክሮፋራዱን ካፓሲተር (ኃይል ለጊዜው የሚያጠራቅመውን ክፍል) ይሞላል፣ ቺፑ ይነሣል፣ ቮልቴጁ ከ2.4 ወደ 1.8 ሲወርድ ይጠፋል። በዚህ መሀል የሚገኘው ኃይል 59 ማይክሮጁል ገደማ ብቻ ነው። ኮዱ መብራት በመጣ በሄደበት ሰፈር እንደሚኖር ሰው ነው።

መጀመሪያ ዲበገሩን፣ ማለትም ኮዱን ከኮምፒውተር ሆኖ ለመከታተል ከቺፑ ጋር የሚያያዘውን መሣሪያ፣ ነቀልኩ። ዲበገር ራሱ ለቺፑ ኃይል ስለሚሰጥ፣ እሱ እስካለ ድረስ መቋረጥ አይታይም። ያም አልበቃም፤ ፓነሉን በእጄ ብሸፍነውም ቺፑ አልጠፋ አለ። ለካ የቺፑን መልእክት ወደ ኮምፒውተር የሚያወጣው የሲሪያሉ ገመድ በፒኑ (በቺፑ እግር) መከላከያ ዳዮድ በኩል ኃይል እያሾለከለት ኖሯል! ገመዱን አውጥቼ፣ አንዱን ፒን ከፍ ዝቅ እያስደረግኩ መልእክቱን የፒን ከፍ ዝቅን በሚመዘግበው በሎጂክ አናላይዘር አነበብኩ።

አስቸጋሪው የሙቀት ንባቦቹ አማካይ ነበር። ኤፍራሙ ውስጥ የንባቦቹ ድምርና ስንት እንደሆኑ የሚይዝ ቆጣሪ አሉ። ድምሩ ላይ አዲሱ ንባብ ከተጨመረ በኋላ፣ ቆጣሪው ገና ሳይጨምር ኃይል ቢሄድ አማካዩ ያላግባብ ከፍ ይላል። የስሕተት ምልክት የለም፤ 20 ዲግሪ የነበረው ክፍል ዝም ብሎ እየሞቀ የሄደ ይመስላል። ይህን ደመና እየጠበቁ መያዝ አይቻልም። ስለዚህ ኤፍራም ላይ ከሚጻፍ ከእያንዳንዱ ነገር በኋላ ቺፑን በኮድ ሪሴት አስደረግኩት፣ ማለትም እንደ አዲስ አስነሣሁት። ከሴንሰሩ ይልቅ ቋሚ የቁጥር ሰንጠረዥ ሰጥቼ፣ ውጤቱን ሳይቋረጥ ከሠራው ጋር አነጻጸርኩ። በኮድ የሚደረግ ሪሴት ራሙን (ኃይል ሲቋረጥ የሚረሳውን ማህደረ ትውስታ) ስለማያጠፋው፣ ቺፑ በተነሣ ቁጥር ራሙን በቆሻሻ ቁጥር መሙላት ያስፈልጋል፤ አለዚያ መጥፋት የነበረበት ቫሪያብል ተርፎ ፈተናውን በውሸት ያሳልፈዋል።

መፍትሔው ሁለት ቅጂ መያዝ ሆነ፦ አዲሱ ድምርና ቆጣሪ በትርፉ ቅጂ ላይ ይጻፋሉ፣ በመጨረሻ የትኛው ቅጂ እንደሚሠራ የሚናገረው አንድ ቁጥር ይቀየራል።

በ2014 የወጣው ኤኮ የተባለው የምርምር ሥራ የሶላርን ኃይል ቀርጾ መልሶ የሚያጫውት ነው፤ ጥሩ ነገር ነው፣ ለእኔ ግን ካፓሲተሩን ሞልቶ ምንጩን መቁረጥ በቂ ነበር። በአንድ ሙሊት የማያልቅ ሥራ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው እየጀመረ ይኖራል። ንባቡን የሚልከው ሬዲዮ እንዲህ ሆኖ ተገኘ፤ መልእክቱን ቆራርጬ አነስተኛ ፓኬት አደረግኩት።