ቴርሞሜትሩና ትኩሱ ሥጋ

በአንድ ሆቴል ሥጋ ክፍል ስድስት ዓመት ስሠራ በየጠዋቱ የሰማሁት ትእዛዝ አንድ ነበር፤ ሥጋውም ስቡም መፍጫውም ሳይቀዘቅዝ ማሽኑ አይነሳም። በ2009 ዓ.ም. ሆቴሉን ለቅቄ፣ ከመኖሪያ ቤቷ ጀርባ ባለው ሰርቪስ ቤት የበሬ ቋሊማ እያዘጋጀች ለቁርስ ቤቶች ከምታስረክብ አንዲት ሴት ዘንድ ስቀጠር፣ ይዤ የሄድኩት ትልቁ ሀብቴ ይህ ሕግና ባለመርፌ ቴርሞሜትሬ ነበሩ። ከእኔ በፊት ቋሊማውን የሚያዘጋጁት የአሠሪዬ ባል አክስት ሲሆኑ ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። እኔ ከመጣሁ በኋላ ግን ነጭ ሽንኩርት መላጥና አንጀት ማጠብ ብቻ ቀረላቸው። ውሳኔው የአሠሪዬ ቢሆንም እኔም አልተቃወምኩም።

ወደ ገጠመኙ ከመግባቴ በፊት የማቀዝቀዣውን ጉዳይ መናገር ይኖርብኛል። የነበረን አንድ የቤት ፍሪጅና አንድ አነስተኛ ዲፕ ፍሪዘር ነው። ከሁዳዴ መግቢያ ጀምሮ ሰፋ ያለ ማቀዝቀዣ እንዲገዛ ሦስት ጊዜ ጠይቄ ሦስቱንም ጊዜ «ከፋሲካ በኋላ» የሚል መልስ አግኝቻለሁ። በዚያው ሰሞን ለማሸጊያው የሚለጠፍ ባለቀለም ወረቀት ታትሞ መጥቷል፤ እርሱ እስከ ፋሲካ አልቆየም።

ቅዳሜ ሹር፣ ሚያዝያ 7 ቀን፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ አቅራቢያችን 36 ኪሎ የወርችና የፍሪምባ ሥጋ አመጣ። በሬው የታረደው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ በመሆኑ ሥጋው ገና ይሞቅ ነበር፤ አንዳንዱ ቁራጭ ቢላዋ ሲነካው ይንቀጠቀጣል። ቶሎ ተቆራርጦ ፍሪጅ እንዲገባ ሳዝዝ፣ እማማ አንዱን ቁራጭ አንስተው በመዳፋቸው እየጨመቁ ቆሙ።

«ሼፍ፣ ይኼ እኮ የሚያዘው አሁን ነው። ቀዝቅዞ ከደረቀ በኋላ ምኑ ከምኑ ይያያዛል?»

«እማማ፣ መጀመሪያ አራት ዲግሪ መግባት አለበት።»

«ማን አለ?»

ቴርሞሜትሩን ከደረት ኪሴ አውጥቼ አንዱ ሥጋ ላይ ሰካሁትና 31 የሚለውን ቁጥር አሳየኋቸው። እማማ ቁጥሩን ሳይሆን መርፌውን ጥቂት ተመለከቱና በእርጋታ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ የታረደ በሬ ትኩሳት ትለካለህ? ከእንግዲህ ምን እንዳይሆንብህ ነው?»

ረዳታችን የነበረችው ልጅ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ዓመታት አልፈውም የሚያንገበግበኝ ከደረሰው ኪሳራ ይልቅ ይህ ሳቅ ነው። በመልሴ ስለ ጀርሞች መራባት፣ ስቡ ሲሞቅ ከሥጋው ስለ መለየቱ፣ ስለ ሆቴሉም አሠራር ረዘም ያለ ትምህርት ሰጠሁ። አንዱም ቃል ስሕተት አልነበረበትም። እማማ እስከ መጨረሻው ካዳመጡኝ በኋላ «እሺ ሼፍ» አሉና ለቤት የሚሆን ስድስት ኪሎ ብቻ እንድተውላቸው ለመኑኝ። ለቤት ከሆነ እንደ ወደዱ ያድርጉት ብዬ ተውኩላቸው። እኔ ቀሪውን 30 ኪሎ ፍሪጁ ውስጥ ስደረድር፣ እርሳቸው ሥጋቸውን ፈጭተው፣ በጨው፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በኮረሪማ አሽተው፣ በታጠበ የበግ አንጀት ሞልተው፣ ፈልቶ በማይገነፍል ውኃ ቀቅለው ከሦስት ሰዓት በፊት ጨረሱ። ስቡን የወሰዱት ከሁለት ሳምንት በፊት በዳማ በዳማ ቆርጬ በዲፕ ፍሪዘር ካስቀመጥኩት ነው። ይህንን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ።

ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ መርፌውን ፊት ለፊት ባለው ሥጋ ሰካሁ፤ አራት ዲግሪ አለኝ። ፊቴን ወደ እማማ አዙሬ ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ እርሳቸው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ የዕለቱን ቄጠማ በራሳቸው ላይ እንዳሰሩ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ለአንድ ኪሎ 18 ግራም ጨውና 100 ግራም የተፈጨ በረዶ በሚዛን መዝኜ ሥራውን ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሳህን ደህና ወጣ። ከሁለተኛው በኋላ ግን ከመፍጫው ቀዳዳዎች ነጭና ቀይ ሆኖ ተለያይቶ መውጣት የሚገባው ሥጋና ስብ ሐመር ሮዝ ሊጥ ሆኖ ይጎተት ጀመር፤ የዲስኩም ፊት በቅባት ተለሰነ። ስለቱን ፈትቼ አየሁት፤ ጠፍጣፋው ጎን እንደሚገባው ወደ ዲስኩ ዞሯል። ያን ጊዜ ከፍሪጁ መካከል የወጣውን ሥጋ ለካሁ፤ 17 ዲግሪ ነበር። ሠላሳ ኪሎ ትኩስ ሥጋ አንድ የቤት ፍሪጅ ውስጥ ሲታጨቅ ዳሩ ይቀዘቅዛል እንጂ መካከሉ እንደ ሞቀ ይውላል። ለካሁ ያልኩት ዳሩን ብቻ ነው።

በዚያ ላይ የሚቀምስ ሰው አልነበረም። ሁላችንም ጾመኞች ነን፤ እማማማ ከዓርብ ጀምረው አክፍለው እህል ውኃ አልቀመሱም። የነበረን ብቸኛ ቀማሽ ጾም ያልጀመረው የአሠሪዬ የአምስት ዓመት ልጅ ነው። ከሁለቱም ዓይነት አንድ አንድ ጠብሰን በሁለት ሳህን አቀረብንለት። የእኔው መጥበሻ ላይ ስቡን ሁሉ ለቅቆ፣ ተኮራምቶ፣ አንጀቱ እንደ ሰፊ ልብስ ተሸብሽቦ ነበር። ልጁ ቆረሰው፣ አኘከው፣ ከዚያም እናቱን እያየ «ይኼ አሸዋ ነው» አለ። ወደ እማማ ሳህን ዞሮ አንዱን ጨረሰና ሌላ ጠየቀ። አሠሪዬ ምንም አልተናገረችም። እማማም አልተናገሩም፤ ቄጠማቸውን አስተካክለው ለልጁ ዳቦ ሊያመጡ ተነሡ። አንድ ቃል ቢናገሩኝ እንዴት ደስ ባለኝ ነበር!

ምክንያቱን በኋላ ሳነብ ነው ያገኘሁት። በሬ ከታረደ በኋላ ጡንቻው እስኪደርቅ ድረስ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ፕሮቲኖቹ ገና እርስ በርስ አልተቆላለፉም፤ ሥጋው ውኃ የመያዝና የመጣበቅ ኃይሉ ከፍተኛ ነው። በዚያ ጊዜ ተፈጭቶ ጨው ከገባበት ኃይሉ ሳይጠፋ ይቆያል። የጀርመን ሥጋ ሠሪዎችም ማቀዝቀዣ ከመስፋፋቱ በፊት ቋሊማቸውን ከትኩስ ሥጋ ይሠሩ ነበር። ከደረቀ በኋላ ግን እኔ የተማርኩት ሕግ ይሠራል፤ ያን ጊዜ የግድ መቀዝቀዝ አለበት። የእኔ ሥጋ ትኩስነቱን አጥቷል፤ ቅዝቃዜውን ደግሞ አላገኘም። የእማማ ግን ትኩስ ቀይ ሥጋና በረዶ የሆነ ስብ ነበር። ስቡ ባይቀዘቅዝ የእርሳቸውም እንደ እኔው ይላቆጥ ነበርና፣ ከስኬቱ ግማሹ የእኔ ዲፕ ፍሪዘር ነው ብዬ ለአሠሪዬ አስረድቻለሁ። ማስረዳቴ ትክክል ነበር፤ ጊዜው ግን ጥሩ አልነበረም።

ሠላሳው ኪሎ ተፈርፍሮ ለሳምቡሳ ቤቶች በርካሽ ተሸጠ። ልዩነቱ ከደሞዜ ላይ በሁለት ወር ተቆረጠ፤ ሦስት ጊዜ የተጠየቀው ማቀዝቀዣ ግን በሒሳቡ ውስጥ አልተነሣም። አሠሪዬ እንዲህ ያለ ጥፋት እንዳይደገም «ማንኛውም ሥጋ አራት ዲግሪ ሳይገባ አይፈጭም» የሚል መመሪያ በእኔ እጅ አስጽፋ፣ አስፈርማ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው።

በሚቀጥለው ዓመት ቅዳሜ ሹር አቅራቢያችን ከንጋቱ ደረሰ። እማማ መመሪያው አጠገብ ባለው ሚስማር ላይ ነጠላቸውን ሰቀሉ፤ ጫፉ ወረቀቱን ከነፊርማዬ ሸፈነው። እኔ ሥጋው እንደ ሞቀ መፍጫውን ስከፍት እጃቸውን ዘረጉና «አምጣ እስቲ ያንን የትኩሳት መለኪያ፣ ስቡን ልየው» አሉኝ።