ታምፔሬ ላይ ስንታጠን

ከስቶክሆልም ማታ የተሳፈርኩበት መርከብ ጠዋት ፊንላንድ፣ ቱርኩ ወደብ አወረደኝ፤ ከዚያ በባቡር ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ታምፔሬ ገባሁ። አብሮ አደጌ ፊንላንዳዊ አግብታ እዚያ መኖር ከጀመረች ቆይታለች። ወገቤን እንደሚያመኝ በስልክ ብነግራት «ነይ፣ እናጥንሻለን» አለችኝ፤ ሳውና እናስገባሻለን ማለቷ ነው።

ሳውና የማውቅ መስሎኝ ነበር። አዲስ አበባ እያለሁ ከሞሮኮ ባዝ በፊት የሚገባበትን ስቲም ለምጄዋለሁ፤ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ባያልፍም ክፍሉ በእንፋሎት ስለሚታፈን አጠገብ የተቀመጠ ሰው ፊት አይለይም። ስቶክሆልም ደግሞ ስፖርት የምሠራበት ቤት ኢንፍራሬድ የሚሉት፣ በማይታይ ጨረር የሚያሞቅ ሳውና አለ። እሱ ከአየሩ ይልቅ ገላን ነው የሚያሞቀው። አይከፋም፣ ግን አዳማ ላይ በር ከፍቶ ፀሐይ ከመሞቅ ብዙም አልለየው።

በመጀመሪያው ቀን ፒስፓላ ሰፈር ወዳለው ራያፖርቲ ወሰደችኝ። እ.ኤ.አ. በ1906 የተከፈተ፣ እስከ ዛሬ ከሚሠሩት የአገሪቱ የሕዝብ ሳውናዎች ሁሉ አንጋፋው ነው። የሴቶቹ በኩል ስንገባ ሁሉም ራቁቱን ነው። እኔ በፎጣ ተጀቡኜ በሩ ላይ ተገተርኩ፤ ዞር ብሎ ያየኝ ግን የለም። ላይ ወጥተን እንደተቀመጥን አንዲት ሴትዮ ዙሪያዋን ጠይቃ ድንጋዩ ላይ ውሃ አፈሰሰች። ሎይሉ ይሉታል፣ ከድንጋዩ የሚነሣውን እንፋሎት። ወላፈኑ ጆሮዬን ሲገርፈኝ ጎንበስ አልኩ፤ ወዲያው አንገቴ ላይ ያለችው የብር መስቀል ደረቴን ለበለበችኝ። ማተብ ደግሞ አይወለቅ! መስቀሏን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልዬ በእጄ ይዤ ተቀመጥኩ።

ውሃ ሲፈስ ሙቀቱ ለምን እንዲያ እንደሚባባስ የገባኝ ወጥ ስሠራ የሚያጋጥመኝን ሳስብ ነው። የድስት ክዳን ሲነሣ ክንድን የሚልጠው እንፋሎቱ ነው፤ ቆዳ ላይ አርፎ ወደ ውሃ ሲመለስ ያዘለውን ሙቀት እዚያው ያራግፋል። ደረቅ ከሆነማ ሰው 80 እና 90 ዲግሪ ውስጥ ተቀምጦ ያወራል።

ስለ ጥቅሙ ብዙ ይወራል። የምሥራቅ ፊንላንድ ተመራማሪዎች 2,315 ጎልማሳ ወንዶችን ለ20 ዓመት ያህል ተከታትለው፣ በሳምንት ከ4 እስከ 7 ጊዜ ሳውና የሚገቡት አንዴ ብቻ ከሚገቡት ይልቅ በድንገተኛ የልብ ሕመም የሚሞቱት ያነሱ ሆነው አገኙ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ወጣ። ቢሆንም ቀድሞውኑ ጤነኛ የሆነ ሰው ይሆናል ቶሎ ቶሎ የሚገባው። ደግሞ ጥናቱ በዚህ በጋለው ሳውና ላይ ነው፤ ኢንፍራሬድ ሻጮች የራሳቸው አስመስለው ሲጠቅሱት ያናድደኛል። «መርዝ በላብ ይወጣል» የሚሉት ነገርም አለ፤ ያ የጉበትና የኩላሊት ሥራ ነው። ሚዛን ላይ የሚቀንሰውም ውሃ ነው፣ ሲጠጡ ይመለሳል። ወገቤ ያን ሌሊት አሳድሮኝ ጠዋት ተመለሰብኝ።

በሦስተኛው ቀን የአማቷ ቤት ሄድን፤ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ሐይቅ ዳር። እዚያ ያለው የጢስ ሳውና ጭስ ማውጫ የለውም። ከጠዋት ጀምሮ እንጨት ሲነድበት ውሎ፣ እሳቱ ሲያልቅ ጢሱ ይወጣና ሰው በድንጋዩ ግለት ብቻ ይታጠናል። ግድግዳው ጥቀርሻ ነው፤ የተደገፈ ጀርባውን አጥቁሮ ይወጣል። ሙቀቱ ግን እንደ ራያፖርቲው አይጋረፍም፣ ቀስ ብሎ ነው አጥንት ውስጥ የሚገባው። ከሁሉም እሱን ወደድኩት። እውነቱን ለመናገር ግን ያሸነፈኝ ሽታው ነው። አክስቴ አራስ ሳለች ጉድጓዱ ላይ ቡልኮ ተከናንባ ወይባ ስትሞቅ ቤቱን የሚሞላው ሽታ ትዝ አለኝ።

ይህንኑ ጓደኛዬ ስታስተረጉምልኝ አሮጊቷ አማቷ ሳውና ውስጥ ገላ የሚመቱበትን የበርች ቅጠል እስር አስቀምጠው ሣቁ። ለካ እሳቸው የተወለዱት ሳውና ውስጥ ነው፤ ድሮ ሙቅ ውሃ የማይጠፋበት ንጹሕ ክፍል እሱ ስለነበር የገጠር ሴቶች እዚያ ይወልዱ ነበር። ከዚያ ወይባ ምን ዓይነት ዛፍ እንደሆነ፣ ቅጠሉ ምን እንደሚመስል ጠየቁኝ። እኔና ጓደኛዬ ተያየን። ሁለታችንም የምናውቀው ተፈልጦ፣ ከገበያ በእስር ሲመጣ ነው።