ጆሮዬ እስካሁን ይጮሃል
ትላንት የአክስቴ ልጅ ሰርግ ነበር፣ እና ቦታ አጥተን ከነቤተሰቡ ባንዱ አጠገብ፣ ሳክስፎኑ አፍ ስር አስቀመጡን😂 ስልኬ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ አለ፣ ሳወጣው 100 ዴሲቤል ምናምን ይላል፣ የስልክ ነገር ስለሆነ ብዙም አልተማመንበትም ግን ጆሮዬም መስክሯል። 85 ዴሲቤል ላይ 8 ሰዓት መቆየት ይቻላል ይላሉ ባለሙያዎቹ፣ 3 በጨመረ ቁጥር ግን ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ ስለዚህ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ማለት ነው፣ እኛ ደግሞ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥን አትጠይቁኝ።

ከዛ ባንዱ እራት ሲበላ አንድ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ጠረጴዛችን ጋ መጣ። አንዲት የፈረስ ጭራ ክር፣ ቆዳ የተለበጠ ሳጥን፣ በቃ! ማይክ የለ ስፒከር የለ። እሱ ሲጫወት አዳራሹ ጫጫታውን ቀንሶ አንገቱን አስግጎ ያዳምጥ ጀመር፣ እኔማ ግጥሙን ሰምቼ ከመሳቄ በፊት ኪሴን መዳበስ ጀመርኩ።

አጎቴ የበገና ሰው ነው፣ "በገና እኮ አይጮህም፣ ይነዝራል" አለኝ። እውነቱን ነው፣ 10ሩም ክሮች ስር ቁራጭ ቆዳ ይደረጋል፣ ያ ነዘር ነዘር የሚል ድምፅ የሚመጣው ክሩ ያረፈበትን ድልድይ ጠርዝ እየነካካ ሲርገበገብ ነው፣ ሆድ ውስጥ ይሰማሃል።

ይሄን እያወራን ሴቶቹ ከበሮ ይዘው ጀርባዬ ላይ ተሰለፉ። አፑን አጠፋሁት።